የጫፉ ዕድሜ

ዛሬ ማምሻውን ከታጠብሁ በኋላ፣ ውኃው ገና በአንገቴ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሚዶዬን ይዤ መስታወት ፊት ተቀመጥሁ። ምክንያቱን በውል የማላውቀው መከፋት ከጠዋት ጀምሮ ተጭኖኝ ስለ ዋለ እጄን ሥራ ላስይዘው ፈልጌ ነበር። ፀጉሬን መተኮስ ካቆምሁ ወዲህ ለጥቅልሉ የሚስማማ የእንክብካቤ ሥርዓት ላበጅለት እየታገልሁ ነው፤ ሥርዓቱ በየወሩ ይሻሻላል፣ ፀጉሬ ግን ማሻሻያውን ያነበበ አይመስልም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድርቀቱ የቆሻሻ ውጤት መስሎኝ በየቀኑ በሻምፑ አጥበው ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ሲንሸራተት፣ በጥቅልል ፀጉር ላይ በየመታጠፊያው ስለሚቀር ጫፉ ሁልጊዜ እንደ ተጠማ ይኖራል፤ እኔ ደግሞ እንደ ምንም ብላ የደረሰችውን ጥቂት ወዝ በየማለዳው ከአረፋው ጋር እደፋት ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እታጠባለሁ፣ ሻምፑውንም ከራስ ቆዳዬ አላሳልፈውም። ከዚያ በአራት ከፍዬ፣ ኮንዲሽነሩን ሳላለቀልቅ፣ መጀመሪያ በጣቶቼ ቀጥሎም ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ ከጫፍ ወደ ሥር አፍታታዋለሁ። ከሥር የጀመርሁ ቀን ትናንሾቹ ቋጠሮዎች እየተገፉ ወርደው ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ሆኑ፤ ሚዶዬ ሁለት ጥርሶቹን ያጣው ያን ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ በጥቅልሉ ተይዞ የቆየው የረገፈ ፀጉር በአንድ ጊዜ እጄን ሲሞላውም መላጣ መሆኔ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ከጤነኛ ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር እንደሚረግፍ ሳውቅ ግን በሰባት አባዝቼ ተጽናናሁ። (ፀጉር ውኃ ምን ያህል እንደሚመጥ ለማወቅ አንድ ፀጉር ብርጭቆ ውኃ ላይ ጥሎ ይሰምጥ እንደ ሆነ የማየቱንም ፈተና ሞክሬዋለሁ። ወዝ ያለው ፀጉር ሁሉ ስለሚንሳፈፍ፣ ከፈተናው ያተረፍሁት አንድ ተጨማሪ የሚታጠብ ብርጭቆ ነው።)

ዛሬ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሼ ሦስተኛውን ልጀምር ስል አንዲቷን ዘለላ እስከ ጫፏ ሳብኋት። ከትከሻዬ አልፋ ወረደች፤ ስለቃት ደግሞ ተመልሳ ጆሮዬ ሥር ተሸበለለች፣ የመጨረሻዋ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ግን እንደ ገለባ ቀጥ ብላ ቀረች። በመለኪያ ሳያት ዘለላዋ 36 ሳንቲ ሜትር ሆነች። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋልና ይህች ጫፍ ከራሴ የወጣችው የዛሬ ሦስት ዓመት አካባቢ ነው ማለት ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ደግሞ፣ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ቆማ፣ እጄ የማይደርስበትን የምትተኩስልኝ አንዲት የቅርቤ ሰው ነበረች። ጆሮዬን በመዳፏ ከልላ፣ «አትንቀሳቀሺ!» እያለች፣ ራሷ እየሳቀች በመንቀሳቀሷ ማጅራቴን ሁለት ጊዜ አቃጥላኛለች። አሁን ከእኔ ጋር የለችም። እርሷ የነካችው ፀጉር ከራሴ ላይ የቀረው ይህ ብቻ ነው።

ሥርዓቴ ስለዚህ ጫፍ የሚለው ግልጽ ነው፤ በእሳት የተጎዳ ፀጉር በቅባትም በኮንዲሽነርም ወደ ቀድሞ ጥቅልሉ አይመለስምና ይቆረጥ ይላል። ደብተሬ ላይ «ጫፉን መቁረጥ» የሚለውን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ወደሚቀጥለው ወር አሻግሬዋለሁ፤ ምክንያቴም ቁመቱ እንዳይቀንስብኝ ነው እያልሁ ነበር። እርሷ ብታየው ግን «ይህን የተቃጠለ ነገር ምን ታደርጊበታለሽ?» ብላ ሳታስጨርሰኝ መቀሱን የምታነሣ ናት።

ይህን ሁሉ ሳስብና ስጽፍ የቀሩት ሁለት ክፍሎች ሳይፈቱ ደረቁ። እርጥብ ፀጉር በደረቀበት ቅርጽ ይጸናልና፣ ግራው ጎኔ አምሮበት ተጠቅልሎ ቀኙ እንደ ወፍ ጎጆ ቆሟል፤ ሚዶውም እዚያው ተሰክቶ ቀርቷል። አሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደገና ላርጥበው፣ ወይስ ነገ ግማሽ ራሴን በሻሽ ሸፍኜ ልውጣ? መቀሱስ የት ነበር ያስቀመጥሁት?