ጨው የሚበላት ኮሮላ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወገቤ ተቆርጧል፣ ጣቶቼ ሰም ሰም ይሸታሉ፣ ከነጋ እህል አልቀመስኩም። መኪና ሳጥብ ዋልኩ። ሳጥብ ብቻ ሳይሆን ሳሽ፣ ስቀባ፣ የቀባሁትን መልሼ ስጠርግ።

ለእኔ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነበር። ሚኒሶታ ከመጣሁ ወዲህ ቃሉ ራሱ ተምታታብኝ። «ለክረምት እየተዘጋጀሁ ነው» ስላት እማዬ «መስከረም ጠብቶ?» ትለኛለች። አገር ቤት አደይ ፈንድቷል፣ እኔ ሴንት ፖል ላይ መኪና ለበረዶ አዘጋጃለሁ።

ኮሮላዬ የ2012 ናት፣ ብርማ። ከሁለት ዓመት በፊት ስገዛት ቀለሟ ደህና ነበር፤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ጥሎ አድሮ፣ ሥራ ረፍዶብኝ፣ የሕንፃው በር ላይ የቆመውን የበረዶ አካፋ አንስቼ ኮፈኗን ዝቄ ሄድኩ። ፕላስቲክ ነው፣ ምን ያደርጋታል ብዬ። በረዶው ሥር ለካ አሸዋና ጨው ነበር። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኑ ድመት ያደረችበት ይመስላል፣ ቧጨራ ብቻ። ከቀለሙ በላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ክሊር ኮት የሚሉት፣ ከፀጉር እንደሚቀጥን ያን ጊዜ ማን ነገረኝ!

የባሰው ግን ከኋላ ጎማው በላይ የነበረው ነው። ሽምብራ የምታክል እብጠት። በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ቀለሙ ተላጠና ቡናማ ዱቄት መዳፌ ላይ ወደቀ። ዝገት።

ጥፋቱ የጨው ነው። እዚህ በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው በመኪና ይበተናል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይረጋ። ቅዝቃዜው ከ15 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 9 ሴልሺየስ፣ ሲወርድ ተራው ጨው ይደክማል፤ ያኔ ሌላ ዓይነት ይቀላቅሉበታል። ለመኪና ክፋቱ ደግሞ እዚያው ላይ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ቶሎ ስለማይረጋ ብረቱን አርጥቦት ይቆያል፣ ዝገቱንም ያፋጥነዋል። ለእማዬ በስልክ ሳስረዳት «ያን ሁሉ ጨው? መሬት ላይ? ግፍ ነው!» አለች። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በኖረበት አገር ላደገ ሰው ይከብዳል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንላለን እኛ፤ እዚህ ጣፈጠም አልጣፈጠም ይወረወራል።

ዘንድሮ መካሪ አገኘሁ። ከእኛ ሕንፃ የሚኖሩ ጋራዥ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ስለ መኪና ከጠየቅኋቸው ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ያወራሉ። «ልጄ፣ ብርዱ ሳይመጣ የመኪና ሰም ቀባት፣ ቀለሟን ከጨው ይጋርድላታል። ከ50 ፋራናይት በታች ከሆነ ሰሙ እንደ ልብ አይሠራልህም» አሉኝ። 10 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። የዕቃ ሳሙናም ከለከሉኝ፣ የቀባሁትን ሰም ያጥባል ብለው፤ እኔ እስከዛሬ በምን እንዳጠብኳት አልነገርኳቸውም። ሁለት ባልዲም አሉኝ፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ቆሻሻውን ጨርቅ ለማለቅለቂያ።

ጠዋት በሳንቲም የሚሠራው ላቫጆ ሄጄ አጥቤ መጣሁ። በዓይን ስታይ ንጹህ ናት። ጋሼ ግን «እጅህን ፌስታል ውስጥ ከተህ ዳስሳት» አሉ። ዳሰስኳት። ጤፍ የተበተነባት ነው የምትመስለው! በባዶ እጅ የማይታወቀው በፌስታል እንዴት እንደሚታወቅ አላውቅም፣ ግን ይታወቃል። ያንን የተጣበቀ ደቃቅ ቆሻሻ የሚያነሳ ክሌይ የሚባል ሊጥ መሳይ ነገር አለ፤ የሚያንሸራትት ፈሳሽ እየረጩ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። አንዴ መሬት ከወደቀ መጣል አለበት፣ አሸዋ ይዞ ይነሳል። የእኔ ሁለት ጊዜ ወደቀ። የመጀመሪያውን ጣልኩ፣ ሁለተኛውን… ጋሼ አላዩም ብዬ ቆርሼ ቀጠልኩ።

ከዚያ ሰሙ። እንደ ሕፃን ልጅ ቅባት ለቅልቄ፣ ያውም ፀሐይ ላይ፣ ሙሉ መኪናውን በአንዴ። ደርቆ ኖራ ሆነብኝ። በስሱ፣ ጥላ ላይ፣ አንድ ክፍል ቀብቶ ጠርጎ ወደ ሌላው ነበር መሄድ። ለመጥረግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰቃየሁ፤ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ አሁንም ነጭ ነጭ ነው።

ግን ሲያልቅ በጠርሙስ ውሃ አፈሰስኩባት። ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ድብልብል ብሎ ተንከባሎ ወረደ። ደጋግሜ አፈሰስኩ፣ እንደ ልጅ።

«ቀባሁ ብለህ እንዳትተኛ» አሉ ጋሼ። ሰም የጠጠር ፍንጣሪ አያቆምም፤ ጨው ሲከመር ደግሞ መታጠብ አለባት፣ ከሥርም ጭምር፣ ብርዱ ረገብ ባለ ቀን። ይሄን እንኳ በራሴ ተምሬዋለሁ። አምና በቀዝቃዛ ቀን አጥቤያት በሮቹ ተጣብቀው በኋላ ሣጥኑ በኩል ሾልኬ ገብቻለሁ። አሁን የበሩን ጎማ እጠርጋለሁ፣ ሲሊኮንም እቀባለሁ።

ዝገቱን ባለፈው ሳምንት ነው ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ቀብቼ፣ ቀለሙን የደረብኩት። የቀለሙ ቁጥር በሾፌሩ በር ጉበን ላይ ተለጥፏል፣ የእኔ 1ኤፍ7 ነው። ከሩቅ አይታወቅም። ከቅርብ ግን የተጣፈ ሱሪ ነው።

አባቴ አዲስ አበባ ላይ ዲኤክሱን ሠላሳ ዓመት ነዳት፤ ሰም የሚባል አይቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በባልዲ ውሃና በአሮጌ ካናቴራ ያጥባታል፣ በቃ። ጨው የለ፣ በረዶ የለ። የዛሬውን ፎቶ ስታብረቀርቅ ላኩለት። ትንሽ ቆይቶ መለሰ፦

«ጎማዎቹን ረሳሃቸው እንዴ?»