ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቺቺኒያ ላይ የራበው ሰው ምን ይብላ?

ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሥራ የምጨርሰው ሰው ሁሉ እንቅልፉ በሚጥመው ሰዓት ነው፤ ዕቃ ነቅለን፣ ኬብል ጠቅልለን፣ ስለ ሂሳብ ትንሽ ተጨቃጭቀን ስንወጣ 8 ሰዓት አልፏል። ጠግቤ ስቴጅ ላይ መውጣት አልችልም፣ እጄ ራሱ ይሰንፋል። ስለዚህ የእኔ እራት ሌሊት ነው። በዚህ ምክንያት ከቺቺኒያ እስከ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለምና አትላስ፣ ሲብስ ደግሞ እስከ ቦሌ ሚካኤል ድረስ ያልዞርኩበት ጥግ የለም።

ሰዎች «ሌሊት የት ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ የቤት ስም ነው የሚጠብቁት። እኔ ስም አልጠራም። ስስት ይዞኝ አይደለም፣ እዚህ አዲስ አበባ የሌሊት ቤት ዕድሜው አጭር ስለሆነ ነው። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ስንቱን ያበላ ሰፈር ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። በዓመቱ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ያኔ ካዛንቺስ የማውቃቸውን ጠባሾች አሁን ሃያ ሁለት አካባቢ ነው የማገኛቸው፣ ያውም አንዳንዶቹን በአጋጣሚ፣ የቆረጡትን ሥጋ አይቼ «ይሄ እጅ የማን ነው?» ብዬ። እና ስም ከመሸምደድ ሰዓቱን ማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌሊት ላይ የምትበሉትን የሚወስነው ሰዓቱ ነው።

እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ ምንም ምክር አያስፈልጋችሁም። ቦሌ ላይ ከፒዛና ከበርገር ጀምሮ እስከ ክትፎ ሁሉም አለ፣ ኪሱ የሳሳ ደግሞ ድንች እርጥቡን በዳጣ ይላል። ነገር የሚመጣው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ወጥ ሠሪዋ ቤቷ ገብታለች። እንጀራው ወይ አልቋል ወይ ጠርዙ ደርቋል። ሜኑው ግን ያው ሜኑ ነው፣ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ሃምሳ ዓይነት ምግብ ያስነብባችኋል።

እዚህ ላይ «ምግብ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አስተናጋጇ «አለ» ነው የምትላችሁ፣ ሁሌም አለ። ቢራ ታዛላችሁ፣ ትደግማላችሁ፣ ከዚያ መጥታ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ውይ ይቅርታ፣ አሁን አለቀ» ትላለች። በእሷም አይፈረድም፣ ቤቱ የሚፈልገው እንድትቀመጡ ነው። እኔ የምጠይቀው «ጠባሹ አልወጣም?» ብዬ ነው። እሱ ካለ እሳት አለ። እሱ ከወጣ የሚመጣላችሁ ነገር ቀን ተጠብሶ ሌሊት የሞቀ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ «እንጀራ አለ ወይስ በዳቦ ነው?» የሚል ነው። «በዳቦ ነው» ካሉኝ ቤቱ መዝጊያው እንደደረሰ ይገባኛል፤ ወይ ቶሎ አዛለሁ ወይ ቶሎ እወጣለሁ።

አሁን ሥጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሌሊት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሥጋ ነውና። ቄራ የሚያርደው በአብዛኛው ማታና ሌሊት ነው፣ ሥጋው ተጭኖ ወደየሥጋ ቤቱ የሚደርሰው ንጋት ላይ። እንግዲህ አስቡት። ንጋት ላይ የተሰቀለ በሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስታዩት ቀኑን ሙሉ እዚያው መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ አቧራውንም አየሩንም ጠጥቶ ውሏል። ሻኛውና ዳቢቱ የምሳ ሰው በልቶታል። ስለዚህ ሌሊት ቁርጥ አልበላም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ቁርጥ የጠዋትና የምሳ ምግብ ነው፣ ቆራጩም እጁ ሳይደክም፣ ቢላውም ሳይደንዝ። የኮሶ ትልም የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ይሄ ቀንም ሌሊትም ያው ነው፣ ግን ሌሊት በደበዘዘ አምፖል ሥር፣ ሦስት ቢራ ጠጥቶ ሥጋ አገላብጦ የሚያይ ሰው የለም። «አረቄ ይጨርሰዋል» የሚለው ደግሞ የጠጪ መጽናኛ ነው፣ አስተማማኙ ነገር እሳት ነው።

እናም ጥብስ። ደረቅ ጥብስ ነው የማዘው፣ ምክንያቱም ደረቅ ጥብስ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። ሸክላ ጥብስ ሲመጣ ያምራል፣ ከሥሩ ፍም፣ ከላዩ ሮዝመሪና ቃሪያ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ይጨሳል፤ ግን ሽንኩርቱን በሹካ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ሥጋውን ቁጠሩት። ከመጠበሱ በፊት ተነስቼ ሥጋው ጋ እሄዳለሁ። ሲቆረጥ አያለሁ፣ ሲመዘን አያለሁ፣ ዋጋው የኪሎ ይሁን የሳህን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ቤት ግማሽ ኪሎ ብለን ያዘዝነው ጥብስ ሲመጣ ለሁለት ሰው አንሶ ሂሳቡ ላይ አንድ ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ተከራከርን፣ ሚዛኑን ያየ ሰው አልነበረንም፣ ከፈልን። ከዚያ ወዲህ «ጋሼ፣ አንዴ ሚዛኑን ልየው» ስል ማንም አይቆጣኝም፣ ይልቅ ጥሩው ቆራጭ ደስ ይለዋል።

ቀኑንም ማወቅ አለባችሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ለብዙ ሰው ጾም ገብቷል፣ እና 8 ሰዓት ላይ ማክሰኞ ነው ብላችሁ ጥብስ ብታዙ ጠረጴዛው ላይ የሚጾም አይጠፋም። በተቃራኒው ረቡዕ ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ «ጾሙ ወጣ» ብሎ ጥብስ የሚያዝ ሞልቷል። እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ባልተሸጠበት ዕለት የተሰቀለው ሥጋ የመቼ ነው? ጠይቁ። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን አብዛኛው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ቺቺኒያ ራሱ ሌላ ሰፈር ይመስላል። ለሌሊት በላተኛ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ።

ጾም ከሆነ ወይም ሥጋው ካላማራችሁ ተጋቢኖ ሽሮ እዘዙ። ይሄ ምናልባት ከምነግራችሁ ሁሉ የሚጠቅመው ነው። በያይነቱ ሌሊት ላይ የምሳ ትራፊ ነው፤ ጎመኑ ጠቁሯል፣ ምስሩ ኮምጠጥ ብሏል። ሽሮ ግን ዱቄት ነው፣ አያድርም፣ አይበላሽም፣ ስታዙት ነው የሚሠራው፣ እየፈላ ነው ፊታችሁ የሚቀመጠው። ወጥ ሠሪዋ ብትሄድም ጠባሹ ሽሮ ማንተክተክ አያቅተውም። እኔ ጾም ባልሆነ ቀን እንኳ ከማላውቀው ቤት ከገባሁ ሽሮ ነው የማዘው።

ከእኔ ባንድ ድራመሩ ሙስሊም ነው፣ ቤዝ ጊታሪስቱ ደግሞ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ውጪ ሥጋ አይቀምስም። ሁለቱም ይዋደዳሉ፣ አብረው ካልሆነ አይበሉም፣ ይሄ ነው ጣጣው። ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀሉ ወይም ጨረቃው ስለሚታይ ሙግት የለም፣ አንዱ ሁሌ ይቀራል። እንቁላል ፍርፍርና ሽሮ ስንቴ አስታርቀውናል። አንዳንዴ ግን ራይድ ጠርተን ቦሌ ሚካኤል እንወርዳለን፣ የሶማሌዎቹ ቤት። ሩዙ በትልቅ ሳህን ይመጣል፣ ከላዩ የፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ። ሙዙን ከሩዙ ጋር አብራችሁ ብሉት፣ ለበኋላ ብላችሁ አታስቀምጡት፣ እንደዚያ ነው የሚበላው። ድራመሩ ሥጋውን ይጨርሳል፣ እኔ አግዘዋለሁ፣ ጊታሪስታችን በቅመም ሻይ በወተትና ዳቦ ያወራል። በረመዳን ደግሞ ሱሁር፣ ጾሙ ከመያዙ በፊት ሌሊት የሚበላው ማዕድ፣ ስላለ ሌሊቱ ሞቅ ይላል፣ በዚያ ወር ሌሊት ምግብ ማጣት የሚባል ነገር የለም።

ምንም ካላገኛችሁ ግሮሰሪ በር ላይ የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡት ልጆች አሉ። አትናቋቸው። እንቁላል ልጣጩ ካልተሰነጠቀ ማንም ያልነካው ምግብ ነው፣ ራሳችሁ ላጡት፣ ሚጥሚጣውን ንኩት። ሁለት እንቁላል በልቶ ቤት መግባት የቀዘቀዘ በርገር ከመብላት ይሻላል። በክረምት የተጠበሰ በቆሎም አለ፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ያልቃል።

ስለ ገንዘቡ ቶሎ ልበል። ቦሌ ላይ ሜኑ ስታዩ ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈችውን አንብቡ። ዋጋው ቫትና ሰርቪስ የማይጨምር ከሆነ 1,000 ብር ያላችሁት ምግብ 10 ከመቶ ሰርቪስ፣ በላዩ 15 ከመቶ ቫት ሲታከልበት 1,265 ብር ይሆናል። ለአራት ሰው ስታባዙት ሌላ አንድ ሳህን ጥብስ ማለት ነው። ቴሌብር ቢኖራችሁም ጥቂት ጥሬ ብር ያዙ፣ ኔትወርክ የሚጠፋው ሂሳብ ስትከፍሉ ነው። መኪና የምትጠሩትም ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን፣ እስኪመጣ ድረስ ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ሌሊት ከፍሎ ወጥቶ በር ላይ ስልክ መነካካት ለሌባ ግብዣ ነው።

ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ባዶ ነው፣ በዚያ ሰዓት 24 ሰዓት ከሚሠሩ ሆቴሎች ሌላ እምብዛም የሚከፈት የለም፣ እነሱም ዋጋቸው የእንግዳ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ካልበላሁ እስኪነጋ መታገስን እመርጣለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ፉልና ጨጨብሳ ቤቶች ይከፈታሉ፣ ቅቅል የሚሠሩትም ድስቱን ሌሊት ጥደውት ያደሩ ናቸው። ለጠጣ ሰው ከቅቅል መረቅ የሚሻል መድኃኒት አላየሁም፣ ቃሪያ ጣል አድርጋችሁበት። ዱለት የምትወዱ ደግሞ ጠብቁ፣ ሥጋው ንጋት ላይ ሲገባ ጨጓራውና ጉበቱም አብሮ ስለሚመጣ ያኔ ነው ትኩሱ የሚገኘው። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ሄዳችሁ «የለም» ብትባሉ አትገረሙ።