ርግቦቹ ቀደሙን

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ርግቦቹን በተበሳ ካርቶን ይዘን ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድን። ስንለቃቸው አንዴ ዞሩና በመንገዱ መሃል ባለው በሐረጎ ዳገት በኩል ሽቅብ! በሚኒባስ ስንመለስ ደሴ ቤታቸው ጣሪያ ላይ አገኘናቸው። ደስ ሲል!

እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኪም የተባለች የቤልጅየም የውድድር ርግብ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች። ዘር ዋጋ አለው። እኔ ግን ልምምዱ ይበልጣል እላለሁ። ይህ ልጅ መጀመሪያ ከሰፈር ጫፍ ለቀቃቸው፤ ከዚያ ከሐረጎ፤ አሁን ከኮምቦልቻ። ከመልቀቁ በፊት አያጠግባቸውም። ሲመለሱ ግን ገብስና አተር፣ ንጹህ ውሃ፣ ደረቅ ቤት ይጠብቃቸዋል። ለዚህ ነው ቤታቸውን የሚወዱት። ጭልፊት ብቻ ያሰጋኛል።

ቀጥሎ ከኮምቦልቻ አልፎ ካለችው ከሐርቡ ሊለቃቸው ነው። እዚያ ያላችሁ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ደውሉልን።