ለጅቡቲ ባሕር ካሜራ ፍለጋ በሰሜን ሸዋ ጅረቶች

የባሕር ውስጥ ካሜራ ለመምረጥ ደብረ ብርሃን መሄድ ትንሽ ያስቃል። ባሕር የለ፣ ዳይቪንግ የለ። ያለው 2,840 ሜትር ከፍታና የጥቅምት ውርጭ ነው። ግን ለእረፍት ጅቡቲ ልወርድ ነው፤ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ልጠልቅ። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደዚያ ብቅ የሚለው ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። ካሜራ ሳልይዝ ብሄድ ደግሞ ማን ያምነኛል?

አዲስ አበባ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ሞክረው ያሉኝ ነበሩ። ገንዳ ይዋሻል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ እጅ አይደነዝዝም። እዚያ ሁሉም ካሜራ ጎበዝ ነው። እኔ የፈለግሁት ጭቃ የሚያነሳ፣ ዓሣ የሚሸሽበት፣ ብርሃን የሚቆራረጥበት ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሞልቷል፤ በዚያውም አክስቴን እጠይቃለሁ።

ሁለት ካሜራ ይዣለሁ፣ ሁለቱም የሰው። አንዱ የጓደኛዬ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ነው፣ ኪስ የምትገባ ቀይ ካሜራ። ሌላው የአክስቴ ልጅ ጎፕሮ፣ ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ።

መንገዱን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደክምበትም። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጫጫ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ይገባል። እትዬ ጥብሱን አቅርባ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለች ጠረጴዛው ላይ የዘረገፍኩትን ዕቃ አየችው።

«ይኼ ሁሉ ዓሣ ፎቶ ለማንሳት ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ጸበል ውስጥ እንዳትከተው ብቻ። ሌላውን እንደፈለግህ።»

ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቁጥሮቹን ደግሜ አየሁ። የጀማሪ ጠላቂ ፈቃድ የሚያወርደው እስከ 18 ሜትር ነው። ቲጂ-6 ራቁቷን የምትችለው 15 ሜትር ነው። በ2023 የወጣችው ቲጂ-7ም ያው 15። አብዛኛው ጎፕሮ 10 ሜትር ላይ ያቆማል። የዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 5 ፕሮ የሚባለው ካሜራ ግን 20 ሜትር ይላል። ከ15 እስከ 18 ያለችው ሦስት ሜትር ምን አላት እንዳትሉ። ዓሣ ተከትሎ ሲወርድ ሰው የእጁን ሰዓት አያይም። ስለዚህ ካሜራዋን የሚያለብስ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ያስፈልጋል፣ ሃውዚንግ የሚሉት። ለቲጂ-6 የተሠራው 45 ሜትር ድረስ ይወርዳል።

ሌላም ምርጫ አይቼ ነበር። የሶኒ አርኤክስ100 ፎቶው ያምራል፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ ነው። ግን ራሷ ውሃ አትችልም። ሣጥኑ ውስጥ ጠብታ ከገባ አለቀላት። ለእረፍት ሄጄ የዕቃ ዘበኛ መሆን አልፈልግም። ሲላይፍ ማይክሮ 3.0 የምትባል ደግሞ አለች። ጭራሽ በር የላትም፣ ተደፍና ነው የተሠራችው፣ 60 ሜትር ትገባለች። ሐሳቧን ወድጄላት ነበር። ግን ፎከሷ ቋሚ ነው፣ ቅርብ ለማንሳት ተጨማሪ ሌንስ ትጠይቃለች።

ጠዋት በሬሳ ወንዝ ላይ ሞከርኩ። ከተማው አጠገብ ልብስ ይታጠብበታል። ሳሙና ነው የቀረጽኩት። እሱን እዚህ ላይ እንተወው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ስትወጡ ዳገቱ ላይ ውሃው ይለያያል። ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል አባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽን ይቀላቀላል፣ ባሕርም አያይ፣ አፋር ውስጥ ይቀራል። ጣሊያን የሸነቆረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ጠመዘዝን። ጭጋጉ አልገለጠም ነበር። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛንና ወፍ ዋሻ ጫካ ሥር ወዳለ ጅረት በእግር ገባን።

የጉዞው ፍሬ እዚህ ነው። ጅረቱ ከጉልበት አያልፍም። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ድንጋዩ ላይ ጣት የማይሞሉ ዓሦች ተለጥፈዋል። ጋራ የሚባሉት ዘሮች ናቸው፣ አፋቸው ከሥር ነው፣ የድንጋዩን አረንጓዴ ይግጣሉ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቁልቁል ሲያየኝ ቆይቶ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶቦት ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም። ዓሣ ላነሳ ነው።»

«በዚች?»

ጎፕሮውን አስቀደምኩ። ቪዲዮው ማለፊያ ነው። ወራጁ ውሃ፣ አረፋው፣ የልጁ እግር፣ ሁሉም አለ። ዓሣው ጋ ሲደርስ ግን ጭጋግ ይሆናል። ፎከሱ ቋሚ ስለሆነ ከሌንሱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች የቀረበ ነገር አይጠራለትም። ራቅ ስል ደግሞ ዓሣው ነጥብ ሆኖ ቀረ።

ቲጂ-6 ማይክሮስኮፕ የሚባል ሞድ አላት። ከሌንሷ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር ታነሳለች። ውሃ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ሁሉ ነገር ሲሶ ያህል ተልቆ፣ ሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። ያም ሆኖ በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ በበዛ ቁጥር ፎቶው ይደበዝዛል። ሌንስ ቢረዝም አያድንም። መቅረብ ነው መድኃኒቱ። ለመቅረብ ደግሞ ቅርብ የሚያይ ካሜራ ያስፈልጋል። እኔ ምርጫዬን የጨረስኩት እዚያ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው።

ፍላሹ ግን ጉድ አደረገኝ። የካሜራዋ ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ የሚያበራው ከዓሣው በፊት በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ደቃቅ ጭቃ ነው። ፎቶው በሙሉ በረዶ የወረደበት መሰለ። አጠፋሁትና ውሃ የማያስገባ የእጅ ባትሪ ለልጁ ሰጠሁት። በጎን በኩል፣ ከሌንሱ ፈንጠር አድርጎ ያዘልኝ። ነጠብጣቡ ጠፋ። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ተቆጠረ። ልጁ ስክሪኑን አይቶ «እቺ እኮ እናቷን ነው የምትመስለው» አለኝ። እናቷን የት እንዳያት አልጠየቅሁትም።

ባሕር ላይ ያው ሕግ ይበረታል። ውሃ መጀመሪያ የሚበላው ቀይ ቀለምን ነው። 5 ሜትር አካባቢ አብዛኛው ቀይ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ቀጥሎ ቢጫው። ቀይ ፊልተር የሚሸጥላችሁ ሰው ቀለሙን ይመልሳል ይላችኋል። ፊልተር የጠፋ ቀለም አይፈጥርም፣ ሰማያዊና አረንጓዴውን ቀንሶ ያመጣጥናል እንጂ። እውነተኛውን ቀይ የሚያመጣው የራሳችሁ መብራት ነው፣ እሱም አንድ ሜትር ያህል ድረስ። ይህን ጅረት አያሳያችሁም፣ ጥልቀት የለውማ። ጭቃውንና ቅርበቱን ግን በደንብ ያሳያል።

ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፣ ማንጎው መንገድ ዳር ተከምሯል። ሮቢ ወንዝ ዳር ስደርስ እግሬን አልነከርኩም። በዚያ ቆላ ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። ካሜራዋን በዘንግ አስሬ ነው የሰደድኳት። ምስሉ የሚጠቅም አልነበረም።

የጠቀመኝ ባዶው ሣጥን ነው። ካሜራ ከመክተቴ በፊት ውሃ ያስገባ እንደሆነ ለማየት ባዶውን ደብረ ብርሃን ዘግቼው ነበር። ሸዋ ሮቢት ልከፍተው ብል እንቢ አለ። ጠጥቼ የከደንኩት የውሃ ላስቲክም ተጨማዷል። ነገሩ ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ነው። ያን ስስ አየር ዘግታችሁ ስትወርዱ የውጭው አየር በሩን ይጫነዋል። ጅቡቲ ቢሆን ይብሳል። ለዚህ ነው ሣጥኑን በጉዞ ላይ፣ አውሮፕላንም ላይ፣ ዋናውን ኦሪንግ አውጥቶ ወይም በሩን ሳይቆልፉ መያዝ የሚሻለው።

ኦሪንጉ ራሱ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው፣ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከተቀመጠበት ውሃ ይገባል። በጣት ዳብሶ ማጽዳት፣ አምራቹ የሚሰጠውን ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያ ባዶውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማየት። ከባሕር ሲወጣ ደግሞ ጨው ሳይደርቅበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። ሌንስ ላይ እንፋሎት እንዳይይዝ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሣጥኑ ውስጥ እጨምራለሁ። ደረቅ መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ የከረመ ከሆነ አይሠራም።

ሌላም ለእኛ ለደገኞች የሚሆን ነገር አለ። ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲያርፍ ነው የሚመከረው። ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ እንዳይሆን ነው። በባቡር ወይም በመኪና ወደ ደጋ መውጣትም ግፊት መቀነስ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ከባሕሩ ወጥቼ ከተማ አያለሁ እንጂ አልጠልቅም።

እንግዲህ የምይዘው ይኼ ነው። ቲጂ-6፣ ሣጥኗ፣ በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ መብራት፣ ትርፍ ባትሪ። ጎፕሮው ለባለቤቱ ተመልሷል። ለዌል ሻርክ ሰፊ ማዕዘን የሚያነሳ ካሜራ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ያን ቀን ከሰው እዋሳለሁ። አሁን የቀረው ከጓደኛዬ ጋር ዋጋ መነጋገር ነው። ካሜራዋን ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። ቻርጀሯን ግን ለብቻ እሸጣለሁ እያለ ነው።