ለጡንቻ የቸኮሉ ልጆቻችን

በየሰፈሩ ጂም የሚሄዱ፣ ክፍያው ካልተቻላቸውም በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተውና በቧንቧ ብረት አገናኝተው በግቢያቸው ክብደት የሚያነሱ ታዳጊ ወንዶችን ሳይ ደስ ይለኛል። ከትምህርት በኋላ ያለውን ጊዜ ሰውነቱን በማጠንከር የሚያሳልፍ ልጅ ሊበረታታ እንጂ ሊወቀስ አይገባም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህ ልጆች ስለ ጡንቻ፣ ስለ ምግብና በጣሳ ስለሚሸጡ ዱቄቶች የሚያምኑት አብዛኛው ነገር ከስልክ የተለቀመ ሲሆን፣ ከዚያ የሚያገኙት ትምህርት ደግሞ ሰውነታቸው ብቻውን እንደማይበቃና የሚጎድለውን መግዛት እንዳለባቸው ያሳምናቸዋል። በእኔ እምነት እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ14 እና በ18 ዓመት መካከል ያለ ጤነኛ ወንድ ልጅ በገንዘብ ሊገዛ የሚፈልገውን ነገር ሰውነቱ ራሱ በገፍ በሚያመርትበት ዕድሜ ላይ ይገኛል፤ በችኮላ የሚጨምርበት ባዕድ ነገርም ይህንኑ ምርት ሊያስቆምበት ይችላል።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት ነው። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ሁለት ሆነው ነው። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙናውንና ቅባቱን እያዩ ይቆያሉ፤ ከዚያ አንደኛው ስልኩን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ያዞረዋል። «ዶክተር፣ ይሄ አለ?» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሚያሳየኝ አንዳንድ ጊዜ ቫይታሚን፣ አንዳንድ ጊዜም የፕሮቲን ዱቄት ነው። ሌላ ጊዜ ግን ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን አብረው ቢወሰዱ «ሰውነት ይሞላሉ» የሚል ከቴሌግራም የተወሰደ ጽሑፍ ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን በመርፌ መልክ የጠየቀኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለ።

ስቴሮይድ የሚለውን ስም ብቻ ሰምተው ዴክሳሜታዞንን የሚፈልጉ ስላሉ፣ ስለዚህ መድኃኒት ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ዴክሳሜታዞን ሐኪም ለከባድ አለርጂ፣ ለእብጠትና ለሌሎች ብርቱ ሕመሞች የሚያዝዘው ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ጡንቻ የሚገነባው የስቴሮይድ ዓይነት ግን አይደለም። እንዲያውም ለሳምንታት ሲወሰድ የጡንቻን ፕሮቲን ያፈርሳል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል፤ በታዳጊ ላይ ደግሞ የቁመት እድገትን ያዘገያል። ልጁ በመስታወት አይቶ «ሞላሁ» የሚለው የፊቱ መንፋት ውሃና ስብ ነው፤ ክንዱና ጭኑ በዚያው ልክ እየሳሱ ይሄዳሉ። ሳይፕሮሄፕታዲንም እንዲሁ የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን፣ የምግብ ፍላጎት መክፈቱና እንቅልፍ ማስያዙ የጎንዮሽ ውጤቶቹ ናቸው። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ተማሪ ምን ወስዶ እንደመጣ መምህሩ በምን ያውቃል?

ቴስቶስትሮንና እሱን አስመስለው የተሠሩት አናቦሊክ ስቴሮይዶች ግን በእርግጥ ጡንቻ ይገነባሉ። ይህን የምንክድ ከሆነ ልጆቹ ሌላውንም ምክራችንን አያምኑም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት 43 ወንዶችን ለ10 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። ከፍተኛ መጠን ያለው ቴስቶስትሮን እየተወጉ ምንም ብረት ያላነሱት ሰዎች ከስብ ውጪ ያለው ክብደታቸው በአማካይ ከ3 ኪሎ በላይ ሲጨምር፣ መድኃኒቱን ሳያገኙ በሥርዓት ብረት ያነሱት የጨመሩት 2 ኪሎ ገደማ ነበር። ይህን ለታዳጊ ልጅ የምነግረው መድኃኒቱን እንዲመኝ ሳይሆን፣ ማታ ማታ በስልኩ ራሱን ከማን ጋር እያወዳደረ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ «ሊቨር ኪንግ» በሚል ስም የታወቀው አሜሪካዊው ብራያን ጆንሰን ያንን ሁሉ ጡንቻ ያገኘሁት ጥሬ ጉበት በመብላትና እንደ ጥንት ሰዎች በመኖር ነው እያለ ሚሊዮኖችን ሲያስተምር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ስቴሮይድ እንደሚወስድ በራሱ አንደበት አመነ። ያንን ሰውነት ለማግኘት ጉበት ሲበሉ የነበሩ ልጆች ውጤት ሲያጡ የፈረዱት በራሳቸው ስንፍና ላይ ነበር፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ዋጋው ደግሞ ለታዳጊ ልጅ ከአዋቂው ይከብዳል። በጉርምስና ወቅት የወንድ ልጅ ቴስቶስትሮን ከልጅነቱ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ድምፁን የሚያጎረንነው፣ ትከሻውን የሚያሰፋውና ጡንቻውን የሚያበዛው ይኸው ነው። ይህን ምርት የሚያዘው አንጎል ነው። ከውጭ የመጣ ሆርሞን በደም ውስጥ መብዛቱን ሲያይ አንጎል ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የዘር ፍሬዎቹ ይኮማተራሉ፣ የወንድ ዘር ማምረትም ይቀንሳል። መርፌው ሲቆም የራስ ምርት ወዲያው አይመለስም፤ ለወራት ሊዘገይ ይችላል፣ በዚያም ጊዜ ልጁ ኃይል ያጣል፣ ይከፋዋል፣ የገነባውም ጡንቻ ይቀንስበታል። ከትርፉ ሆርሞን የተወሰነው ኢስትሮጅን ወደሚባለው የሴት ሆርሞን ስለሚለወጥ እንደ ሴት ጡት ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ አንዴ ከጠነከረ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው በቀዶ ሕክምና ነው። ለቁመት የሚያድገው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ያለው ልም አጥንትም ያለጊዜው ይደነድናል፤ የተዘጋው መልሶ አይከፈትም፣ ልጁም ሊደርስበት ከሚችለው ቁመት በታች ይቀራል። የልብ ግድግዳ መወፈር፣ የደም ግፊትና በክኒን መልክ በሚወሰዱት ዓይነቶች የሚመጣው የጉበት ጉዳት ከዚህ በተጨማሪ የሚታሰቡ ናቸው።

እንዲህ ያለ ነገር የማይነኩት ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተስፋቸውን የሚጥሉት በፕሮቲን ዱቄት ላይ ነው። ዌይ ፕሮቲን የሚባለው እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ ከሥሩ የሚቀረው አጓት ተጣርቶ የደረቀ ነው። ምግብ ነው፤ ምንነቱ የታወቀ ከሆነና ልጁ ኩላሊቱ ጤነኛ ከሆነ የሚያስፈራ አይደለም። ስህተቱ ያለ እሱ ጡንቻ አይመጣም የሚለው እምነት ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ጣሳ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የአስቤዛው ትልቅ ክፍል ነው፣ ይህንንም ለማግኘት ምሳውን ትቶ የምሳ ገንዘቡን የሚያጠራቅም ልጅ አውቃለሁ። ይህ ልጅ ምግቡን ሸጦ ምግብ እየገዛ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ብረት የሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ካገኘ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በጡንቻ ላይ የሚጨምረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 96 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ በቀን የሚበላው ሁለት የጤፍ እንጀራ 24 ግራም ያህል፣ ከ100 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥ 24 ግራም፣ ከ80 ግራም የሽሮ ዱቄት የተሠራው 16 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 8 ግራም፤ ሲደመር 98 ይመጣል። ጤፍና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ ደግሞ አንዱ የሚያንሰውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበትን ንጥረ ነገር) ሌላው ይሞላለታል። ቤት ውስጥ እንቁላል በየቀኑ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለጣሳ የሚወጣው ብር ለእንቁላልና ለምስር ቢውል ልጁም ወንድሞቹም ይበሉበታል።

ጾምም በከንቱ ይፈራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የተሠራው ጡንቻ ሁሉ ይቀልጣል ብለው የሚጨነቁ ልጆች አሉ፤ እናታቸው በጾሙና በልጇ ጭንቀት መካከል የምትቸገርባቸው ቤቶችም አሉ። ከላይ ካለው ሒሳብ እንቁላልና ወተት ቢወጡ 72 ግራም ይቀራል፤ መቶ ግራም ሽምብራ ተቆልቶም ሆነ ተቀቅሎ ቢጨመርበት ከ90 ያልፋል። በረመዳን የሚጾመውም ልጅ ይህንኑ ለኢፍጣርና ለሱሁር ከፋፍሎ መመገብ ይችላል።

ጥሬ እንቁላል መጠጣት ግን ይቅር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ያህሉ ሲፈጭ ከጥሬው የሚፈጨው 51 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ልጁ አፍንጫውን ይዞ የሚጠጣው ነገር ግማሹ ሳይጠቅመው ያልፋል፣ ሳልሞኔላም ሊያስይዘው ይችላል። ጥሬ ሥጋም ከተጠበሰው የበለጠ ጡንቻ አይሠራም፤ የኮሶ ትል ግን ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ሌሎቹ ጣሳዎች ባጭሩ ልናገር። «ማስ ጌነር» የሚባለው ከስኳርና ማልቶዴክስትሪን ከሚባል የስታርች ዱቄት ጋር የተደባለቀ ጥቂት ፕሮቲን ሲሆን፣ በአጃ፣ በወተት፣ በሙዝና በኦቾሎኒ ቅቤ እቤት በቀላሉ ይሠራል። ክሬቲን ስቴሮይድ አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተውና በሥጋና በዓሣ የሚገኝ ነው፣ በአዋቂዎች ላይም ጥሩ ጥናት አለው፤ ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ብቃት ለመጨመር የሚወሰዱ ነገሮችን ለታዳጊዎች አይመክርም፣ እኔም ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልሰጥም። ከስፖርት በፊት የሚጠጣው ዱቄት በአንድ ማንኪያ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ካፌይን ይይዛል፤ ይህን ማታ 12 ሰዓት ላይ የጠጣ ተማሪ ሌሊቱን አይተኛም። ከዚህ ሁሉ በላይ ጣሳው ላይ የተጻፈው ከውስጡ ጋር ላይስማማ ይችላል። በጀርመን የኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 የምግብ ማሟያዎችን (እንደነዚህ ጣሳዎች ያሉትን) መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ውጤት፣ በ94ቱ ውስጥ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ነገር አግኝቷል። በሩጫ ለሚታወቅ አገራችን ልጆች ይህ የጤና ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ነገ ክለብ ገብቶ ሊወዳደር የሚያስብ ልጅ ባላወቀው ዱቄት ምክንያት በአበረታች ቅመም ሊጠየቅ ይችላል።

ወደ ሥልጠናው ስንመጣ መጀመሪያ የወላጆችን ፍርሃት ላንሳ። ብረት ማንሳት ቁመት ያሳጥራል የሚለው አባባል እውነት አይደለም፤ ያው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሰነድ በትክክል የተዘጋጀና ክትትል ያለው ሥልጠና እድገትን እንደማይጎዳ አስታውቋል። የሚጎዳው አቅምን ያላገናዘበ ክብደትና ብቻውን ሆኖ ማንሳት ነው። ያ የሲሚንቶ ክብደት ዳርና ዳሩ እኩል አይመዝንም፤ ልጁ ተንጋሎ ሲገፋ አንዱ ወገን ቀድሞ ይወርድና ትከሻው ይጣመማል፣ ከደረቱ ላይ የሚያነሳለት ሰውም በአጠገቡ የለም። በእንዲህ ዓይነት ብረት ከወገብ በላይ የማይወጣ ሥራ ብቻ ይሥራ፤ ለደረቱ ፑሽ አፕ ይበቃዋል።

ልጆቹ በየቀኑ ደረትና ክንድ ብቻ ይሠራሉ፤ በፎቶ የሚታየው እሱ ነውና። ጡንቻ ግን የሚያድገው ከሥራው በኋላ ባለው ዕረፍት ሲሆን፣ ለአንድ ክፍል 48 ሰዓት ያህል ሊሰጠው ይገባል። እግርን፣ ጀርባን፣ ደረትንና ትከሻን የሚያዳርስ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መሥራት ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው ነርቮች ጡንቻውን ማዘዝ ስለሚለምዱ እንጂ ጡንቻው ስላበጠ አይደለም፤ ብዙ ልጆች «አልያዘልኝም» ብለው ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡት ልክ በዚህ ጊዜ ነው፣ ሰውነታቸው ሥራውን በጀመረበት ሰዓት። ሕመም የሥራው መለኪያ አይደለም፤ ሲት አፕም የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በከባዱ እንቅልፍ ውስጥ ነውና፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የጡንቻ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ የሚፈልገውን ነገር እያየ የሚያገኝበትን ሰዓት ያባክናል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ በጥቂት ሳምንታት ፊቱ ቢነፋ፣ ጀርባው በብጉር ቢሞላ፣ ጡቱ አካባቢ ቢያመው ወይም ከወትሮው ውጪ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሳትጮኹበት ጠይቁት። ቁጣ ከመጣ ክኒኑን ይደብቃል። ዴክሳሜታዞን ለሳምንታት ሲወስድ ከቆየ ደግሞ ደንግጣችሁ ክኒኑን በአንድ ቀን አትጣሉት፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት አቁመው ሊሆን ስለሚችል በድንገት ሲቋረጥ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል። የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ በቀን ስንት እንደወሰደ ጠይቃችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ያስቆመዋል። ቴስቶስትሮን ወስዶ ከሆነም ደሙ ተመርምሮ የሆርሞንና የጉበት ውጤቱ ይታይ።