ያሳመርኩት ወረቀት

ደሴ ፒያሳ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ አለችኝ። አንድ ደንበኛዬ ኮምቦልቻ ያለውን ሕንጻ ለ23 ሰው በድርሻ ሸጠና ሰርተፍኬት ሥራልኝ አለኝ። ሠራሁለት። ዳር ዳሩ ወርቃማ፣ ማኅተሙ ደማቅ። እውነት ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ከገዢዎቹ አንዱ፣ የሰኞ ገበያ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ፣ ሰርተፍኬቱን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ባንክ ይዤ ብሄድ ያበድሩኛል?»

ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቄ እንደማላውቅ ያኔ ታወሰኝ።

በማግስቱ በሐረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ካርታው በደንበኛዬ ስም ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ለሌላ ንግዱ በተበደረው ብር ባንክ ሕንጻውን በመያዣ ይዞታል። ሰውየው ሌባ አልነበረም፣ ኪራዩን በየወሩ ሳያጓድል ያካፍላቸው ነበር፣ ለዚህም ነው ማንም ያልጠየቀው። ብድሩ ቢበላሽ ግን ባንኩ የተመዘገበ መያዣ ስላለው ሕንጻውን በሐራጅ ሸጦ ገንዘቡን ይወስዳል፣ እነሱ ደግሞ የእኔን ወርቃማ ወረቀት ይዘው ፍርድ ቤት መመላለስ ነው።

ጠበቃ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የሚለው ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። አክሲዮን ማኅበር ቢሆን ደግሞ ብሩ የሚገባው በሚቋቋመው ማኅበር ስም በተከፈተ ዝግ ሒሳብ (ማኅበሩ እስኪመዘገብ ገንዘቡ የማይነካበት) እንጂ በሰውየው የግል ደብተር አይደለም። «ሽያጩን በቴሌግራም ለጥፎታል እንዴ?» አለኝ። ለጥፎታል። ከካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 ወዲህ ለሕዝብ እንዲህ መሸጥ የአክሲዮንና መሰል ሽያጮችን ከሚቆጣጠረው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ጋር ሊያነካካው ይችላል።

ደንበኛዬ ስነግረው «አብሽር፣ እኛኮ እንተዋወቃለን» አለ። ሐጂ ናቸው የመለሱለት፦ «አንተንማ አምናለሁ ልጄ። ወራሾችህን ግን አላውቃቸውም።»

ሁለት ሰዎች ብራቸውን አስመልሰው ወጡ። የቀሩት 21 ከሰውየው ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋሙ፣ እስከ 50 አባል ይችላል። ለባንኩ ሌላ መያዣ ተሰጥቶ ካርታው እስኪዞር ወራት ፈጀ፣ የስም ማዛወሪያውን ማን ይክፈል በሚለው ብቻ ሦስት ስብሰባ ሄደ።

አሁን ሰርተፍኬት ሥራልኝ ለሚል ሁሉ መጀመሪያ የካርታውን ኮፒ አምጣ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ሒሳብ ሠራተኛ ነህ ወይስ መርማሪ?» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ጎናችን ያለው ማተሚያ ቤት ሲገባ በመስኮት አየሁት።