ቀለል ያለ ምሳ

ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ በምሳ ሰዓት ከባልደረባዬ ጋር በየዓይነቱ አዘዝን። ክብደት መቀነስ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ «ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው» እያልኩ ራሴን ሳሞግስ ነበር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ተራ በተራ አለቀና ከሥር ያለው እንጀራ ታየ፤ በዘይት ርሶ ያብረቀርቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እናቴ ዘይት የምትጨምረው እየለካች ነው፤ ምግብ ቤት ግን ከጀሪካን ይንቆረቆራል። (አልፈርድባቸውም፤ የሚጣፍጠውም ለዚያ ነው።)

ይባስ ብዬ «ለጤና» የአቮካዶ ጭማቂ አስከተልኩ። የአቮካዶ ቅባት ጥሩ ነው ይባላል፤ ነው። ግን ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ነው። አስተናጋጇን ስኳር እንዳለው ጠየቅኳት።

«ትንሽ ነው፤ አራት ማንኪያ ብቻ።»

ላዩ ላይ የፈሰሰውን ቀይ ሽሮፕ አልቆጠረችውም። እኔም አላስታወስኳት፤ ብርጭቆው ተጋምሶ ነበር።

ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። እሷ ውኃ ነበር ያዘዘችው። ለዓርብ ጭማቂው በሎሚ ብቻ እንዲሆንልኝ ከወዲሁ ተናግሬ ወጣሁ። ስለ ዘይቱ ለመናገር ግን አፈርኩ።